ዜሮ ክፍል ሳይውሉ አንደኛ ክፍል?

በጽሑፍ የተካሄደው የዚህ ክርክር ነጥብ፦ ፊደል ሳይለዩ፣ እርሳስ ሳይዙ የሚመጡ የድሃ ቤት ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት ዜሮ ክፍል ይዋሉ። ደጋፊዋ ድሬዳዋ ውስጥ አንደኛ ክፍል የምታስተምር መምህርት ናት። ተቃዋሚው የከተማዋ የገንደ ቆሬ ሰፈር ነዋሪና የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) አባል ነው።

መምህርት፦ መስከረም ላይ ሁለት ዓይነት ልጅ ይመጣልኛል። አንዱ ሦስት ዓመት የግል ኬጂ ውሎ ስሙን ይጽፋል። ሌላው እርሳስ ስሰጠው በጭብጡ ሙሉ ይይዘዋል፤ ጫን ሲለው ወረቀቱ ይቀደዳል። ደብተሩን ገልብጦ ይዘረጋል። ሽንቱ ሲመጣ መጠየቅ ስለሚፈራ እዚያው ያመልጠዋል፣ ከዚያ ይሳቅበታል። ኅዳር ላይ ሌሎቹ ቃል ማንበብ ሲጀምሩ እሱ ገና «ለ»ን ከ«ሰ» አይለይም። ስልሳ የሚጠጋ ልጅ ይዤ ከእሱ ጋር ብቻ መቀመጥ አልችልም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አቅቷቸዋል። ነገሩ የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው። ዜሮ ክፍል ይዋሉና ይምጡ። በሰባት ዓመቱ እርሳስ መያዝ የማያውቅ ልጅ ቤቱ ውስጥ ማንም ቁም ነገር አላወራውም ማለት ነው።

ወላጅ፦ «ማንም ቁም ነገር አላወራውም» አልሽ? ጎረቤቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ ታይዋን ገበያ ወስዳ ትሸጣለች። ልጇ አጠገቧ ቀዝቃዛ ውሃ ይሸጣል። መቶ ብር ስትሰጪው መልሱን አንድ ብር ሳያጎድል ይመልስልሻል። ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከደንበኛው ጋር በሶማሊኛ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር በአማርኛ ያወራል። ይህን ሁሉ ማን አስተማረው? ቤቱ የጎደለው እርሳስ ነው። ወሬማ ሞልቷል።

መምህርት፦ እናቶችን አልነካሁም። እኔም ከዚራ ሰፈር ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ያሳደገችኝ እናት ልጅ ነኝ። ስለ ድህነት አንተ ልታስረዳኝ አይገባም። መልስ መመለስ ጥሩ ነው፤ ግን መጽሐፍ ፊት ሲቀመጥ አያነብለትም። የጠየቅኩት ይህን ነው።

ወላጅ፦ «ማንም» ውስጥ እናት ከሌለች ማን አለ? ቃልሽን መልሰሽ ውሰጂ። ስለ ዜሮ ክፍል ከሆነ ደግሞ ልጄ ውላበታለች። ወንበሩ የትልልቅ ልጆች ስለሆነ እግሯ መሬት አይደርስም ነበር። ኳስ የለ፣ መጫወቻ የለ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት ከሰሌዳ ፊደል ስትገለብጥ ዋለች። የተመደበችው መምህርት ለትንንሽ ልጆች የሰለጠነች አልነበረችም። በዚያ ላይ ልጄ ቤት የምታወራው ኦሮምኛ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይማሩ ይባላል፤ በኦሮምኛ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ግን ከእኛ ሰፈር የባጃጅ ሂሳብ ይጠይቃል። የቀረበን የአማርኛው ነው። መምህሯ የምትለው ሳይገባት ዝም ስትል «አልበሰለችም» ተባለች። ያልተዘጋጀው ማነው፣ ልጄ ናት ወይስ ትምህርት ቤቱ?

መምህርት፦ እና ዜሮ ክፍል ይዘጋ ነው የምትለው? የግል ኬጂ መክፈል የማይችለው ሰው ልጁን የት ያውለው?

ወላጅ፦ ይዘጋ አልወጣኝም። ማቆያ አይሁን ነው ያልኩት። «ዜሮ ክፍል ካልዋለ አንደኛ ክፍል አይግባ» ብለሽ በር ስትዘጊ ደግሞ ያ ልጅ ዓመቱን ገበያ ነው የሚውለው። የሚቀጥለው ዓመት ጭራሽ አይመጣም።

መምህርት፦ እንዳልከው ዓይነት ዜሮ ክፍልን እኔም አልደግፍም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ቅድመ መደበኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። የሰለጠነ መምህር ካልተመደበበት ሁለት ዓመት ፊደል መገልበጥ ነው የሚሆነው። ግን «እንዳለ ይግባ» ስትል ሸክሙ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። እሱን አንዴም አላነሳኸውም።

ወላጅ፦ ብቻሽን አትሸከሚው። ኦሮምኛና ሶማሊኛ የምትችል ረዳት የመጀመሪያውን ወር ክፍልሽ ትቀመጥ። በሚቀጥለው የወመህ ስብሰባ እጠይቃለሁ። አንቺም «ማንም ቁም ነገር አላወራውም» ብለሽ የጻፍሽውን መልሰሽ ውሰጂ።

መምህርት፦ ረዳቷን አብሬህ እጠይቃለሁ። አንድ ወር ግን አይበቃም፤ ቢያንስ እስከ ጥር ትቆይ፣ ደመወዟም ከወላጅ መዋጮ ሳይሆን ከበጀት ይከፈል። ያን ዓረፍተ ነገር በተመለከተ የጻፍኩት ተጽፏል። ሃያ ጊዜ ብታነሳው ልጁ እርሳስ መያዝ አይማርም።