ይድረስ ለክቡር አቶ ቲኪፕ፣ ለዋይፋይ አሮጌ የምስጢር ቁልፍ

ጉዳዩ፦ ጡረታ ከወጡ በኋላ በቤቴ ስለመቆየትዎ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አልጋ የያዘው ኢንተርኔታችን ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ማክሰኞ ዕለት ከደረሰብኝ በኋላ ነው። እንደሚያውቁት 100 ሜጋ ፋይበር አስገብቻለሁ። ላፕቶፔ ላይ ስለካው 18። ጠዋት 18፣ ማታ 18፣ ስምንት ወር ሙሉ 18። ስልኬ ላይ ለክቼ አላውቅም። ለክቼ ቢሆን ይህ ደብዳቤም አይጻፍም ነበር።

ያቺን 18 ይዤ አገልግሎት መስጫው ሄድኩ። የቆረጥኩት ቁጥር 147፣ የሚጠራው 61። ተራዬ ሲደርስ የመታወቂያ ኮፒ ተባልኩ። ወጥቼ ኮፒ አድርጌ ስመለስ ሲስተም የለም። ሲስተሙ ሲመጣ ቅጽ ሞላሁ። "የችግሩ ዓይነት" የሚለው ቦታ አልበቃኝም፤ ገልብጬ ጀርባው ላይ ቀጠልኩ። "ማጭበርበር" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አንዱን አስምሬበታለሁ። ካውንተሩ ላይ ያለችው ልጅ ላይ ጮህኩ፣ ኃላፊው ይጠራልኝ አልኩ። ወረፋ ላይ የነበሩ አንድ እናት "ልክ ብለሃል ልጄ" ሲሉኝ፣ ለሕዝቡ ሁሉ የተናገርኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ ቴክኒሻኑ መጣ። የኮንዶሚኒየማችንን አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ስልኩን ከኔው ዋይፋይ ጋር አገናኘ። 91። ምንም አላለም። ከቦርሳው ገመድ አውጥቶ ላፕቶፔን ከራውተሩ ጋር አያያዘው። 94። ገመዱን ነቀለው። 18። አሁንም ምንም አላለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቴ ቡና እየቀዳች ነበር። ስልኩን አየች፣ ላፕቶፑን አየች፣ እኔን አየች።

"ለዚህ ነው ሰውየውን አራት ፎቅ ያስወጣኸው?"

የልጄ ባሰ። ገና 11 ዓመቱ ነው። "ሊኑክስ ስለሆነ ነው" አለ። ላፕቶፔ የሚሠራበት ሥርዓት ሊኑክስ ነው፤ በዚህ ቤት ስለ እሱ ስንት ዓመት እንደሰበክሁ እርስዎም ምስክር ነዎት። ቴክኒሻኑ ቅጹን አወጣ። የራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ ከነጀርባው። "ችግሩ የደንበኛው መሣሪያ ነው" ብሎ ጻፈና "እዚች ጋ ይፈርሙልኝ ጋሼ" አለኝ። ፈረምኩ። ካሰመርኩበት "ማጭበርበር" ሥር።

ማታ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፈትኩ። ከዚያ በፊት ያልሞከርኩት የለም። ራውተሩን ከቡፌው ወደ ፍሪጁ አናት አዛውሬያለሁ፤ የዋይፋይ ካርዱን ኃይል ቆጣቢ አጥፍቻለሁ፤ ኡቡንቱን፣ ማለትም ሊኑክሴን፣ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጭኛለሁ። ጎረቤቴንም ረግሜያለሁ። የዚያን ሌሊት ግን ዲሜሴጅ ብዬ የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን ልብ፣ ማስታወሻ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ሁሉ ዝባዝንኬ መሀል አንዲት መስመር፦ ዌፕ ወይም ቲኪፕ በሥራ ላይ ስላለ ኤችቲ እና ቪኤችቲ ተዘግተዋል። ዌፕ ከእርስዎ በፊት የነበረው ቁልፍ ነው። ኤችቲ ማለት እንደ ፈረንጆቹ በ2009 የጸደቀው የኤን ዋይፋይ ፍጥነት ነው፣ ቪኤችቲ ታናሹ። ሁለቱ ሲዘጉ የሚተርፈው የጥንቱ 54 ሜጋ ነው፤ እሱም በወረቀት ላይ፤ እጅ ላይ የሚገባው 20 አካባቢ።

እርስዎ እኮ የመጡት ለጊዜው ነበር! የዌፕ ቁልፍ በ2001 ጉዱ ሲወጣ፣ ሰው ያለውን ካርድ እንዳይጥል ተብሎ በ2003 ገደማ የዌፕ አሮጌ ሞተር ላይ ተለጥፈው ብቅ አሉ። በዓመቱ ጠንካራው ቁልፍ ኤኢኤስ፣ ደብሊውፒኤ2 ከሚባለው የዋይፋይ ደህንነት ደንብ ጋር መጣ። 2009 ላይ እርስዎ ባሉበት አዲሱ ፍጥነት አይሰጥም ተባለ። 2012 ላይ መሸኛዎ ተጻፈ። ይኸው አሁንም አሉ፤ እንደ ሰፈራችን ጊዜያዊ የቆርቆሮ አጥር።

ማን አስገባዎት? እኔ። የመጀመሪያው ራውተሬ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ፣ ላፕቶፑ የዋይፋይ ቅንብሩን የሚይዝበት ኔትወርክ ማናጀር ውስጥ ገብቼ "ቲኪፕ ብቻ" ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ተረጋጋ፤ ረሳሁት። አዲሱን ራውተር ስተክል ደግሞ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፓስወርድ ከመናገር ብዬ የድሮውን ስምና ፓስወርድ ሰጠሁት። ኡቡንቱን በጫንኩ ቁጥርም የዋይፋይ ፋይሎቼን ከባካፕ እመልሳለሁ፤ እርስዎም አብረው ይመለሳሉ። ስልኮቹ ሁሉ ኤኢኤስን መርጠው ሲበሩ፣ የኔ ላፕቶፕ ብቻ በራሴ ትእዛዝ እርስዎን ይጠራል።

እሺ፣ ይሄ የኔ ጥፋት ነው። ራውተሩስ ለምን በር ከፈተልህ? ከካርቶን የወጣ አዲስ ዕቃ ነው። ቅንብሩን ስከፍተው "ቲኪፕ እና ኤኢኤስ" ይላል፣ ከፋብሪካው ጀምሮ። የተሻረ ነገር ክፍት አድርገው የሚሸጡት ለማን ብለው ነው? ላፕቶፔስ? እዚያ ጥግ ላይ ያለችውን የዋይፋይ ምልክት ሙሉ አድርጎ እያሳየኝ፣ እውነቱን ማንም የማያየው ቦታ ጽፎ አስቀመጠ። አንዲት መስመር ስክሪኔ ላይ ብቅ ብትል ምን ይጎድልበት ነበር? ስምንት ወር ለ100 ከፍዬ 18 ተጠቀምኩ። ያቺ ልጅ ምን አደረገችኝ? ጠዋት ተነስታ ታክሲ ተጋፍታ ሥራ ከመግባት በቀር ምን አጠፋች? ሰው ፊት ጮህኩባት። አንተ ነህ ያስጮህከኝ! አንተ!

ይቅርታ። እርስዎ።

መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ፋይሉ ውስጥ የእርስዎን ስም ሰርዤ ሲሲኤምፒ ብዬ ጻፍኩ፤ ኤኢኤስ እዚያ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ራውተሩንም ደብሊውፒኤ2 በኤኢኤስ ብቻ አደረግኩት። ለካሁ። 89። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ ማንን ልቀስቅስ? ጠዋት ለልጄ አሳየሁት።

"የሰውየው ስልክ 91 ነበር" አለኝ።

ከሰላምታ ጋር
የአራተኛ ፎቁ ደንበኛ

ግልባጭ፦
ለካውንተሯ ልጅ (ወረፋ ይዤ በአካል እሰጣለሁ፣ ሲስተም ካለ)
ለቴክኒሻኑ
ለባለቤቴ (አይላክ)