30 ዲግሪ ብቻውን አልተወለደም

ሰሞኑን ያበሳጨኝ የኑሮ ውድነት ወይም የመብራት መጥፋት ቢሆን ኖሮ ብዙ አጽናኝ ባገኘሁ ነበር፤ እኔን ያንገበገበኝ ግን 30 ዲግሪ ነው። የእኅቴ ልጅ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ስትሠራ «ሳይናቸው ግማሽ የሆኑ ማዕዘኖችን ሁሉ ፈልጉ» የሚል ጥያቄ ገጠማት (ሳይን ማለት ማዕዘኑ ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ የሚናገር ቁጥር ነው)፤ ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና 30 ብላ ጽፋ ደብተሯን ከደነች። «150ስ የት ሄደ?» ብዬ ብጠይቃት «ጋሼ፣ ስልኩ እኮ 30 ነው ያለው» ብላ በአዘኔታ ተመለከተችኝ። ዘንድሮ ሰዉ ሁሉ እንዲህ ሆኗል። ሽማግሌዎች ስለ ዱሮ ዘመን ሲከራከሩ፣ ባልና ሚስት በመንገድ አቅጣጫ ሲነታረኩ፣ አንዱ እጁን ኪሱ ይከትና ስልኩን ያወጣል፤ ክርክሩም በዚያው ያከትማል።

ስልኩ ዋሽቷል አልልም። ካልኩሌተር አንድ ቁልፍ ሲነካ አንድ መልስ ብቻ መስጠት ስላለበት፣ የሳይን ዋጋ ተሰጥቶት ማዕዘኑን ሲጠየቅ ከ-90 እስከ 90 ዲግሪ ካሉት አንዱን፣ የኮሳይን ሲሆን ደግሞ ከ0 እስከ 180 ካሉት አንዱን እንዲጠራ የሒሳብ ሰዎች ተስማምተውለታል። ስምምነቱ ለመሣሪያው እንዲመች የተደረገ እንጂ ሌሎቹ ማዕዘኖች ሞተው ተቀብረዋል ማለት አይደለም።

የሚጠራጠር ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ ይመልከት። ከ3 ቁጥር ተነሥተን ወደ ላይ ብንለካ 2 ቁጥር 30 ዲግሪ ላይ፣ 10 ቁጥር ደግሞ 150 ዲግሪ ላይ ይገኛል፤ የደቂቃ ቆጣሪው ጫፍ በሁለቱም ቦታ ከመሐሉ በላይ ያለው ከፍታ የራሱ ርዝመት ግማሽ ነው። ሳይን የሚጠይቀው «ምን ያህል ከፍ ብለሃል?» ብቻ ስለሆነ ግራና ቀኙን አይለይም። ኮሳይን በበኩሉ ከፍታ ግድ አይሰጠውም፤ ወደ ጎን የተሄደውን ርቀት ብቻ ስለሚያይ 2ን ከ4 አይለይም። ታንጀንት የባሰበት ነው፤ መስመሩ ምን ያህል እንዳዘነበለ እንጂ ፊቱ ወዴት እንደሆነ ደንታ ስለሌለው፣ ጀርባ የተሰጣጡትን 2ንና 8ን አንድ ያደርጋቸዋል። በአንድ ዙር ውስጥ የሳይን አቻ የሌላቸው ከሁሉ በላይ ያለው 12 እና ከሁሉ በታች ያለው 6 ብቻ ናቸው። ብቸኝነት የትልልቆች ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች 6ን አላዩትም።

ይህም የአንድ ዙር ሒሳብ ነው። ከተረቶቻችን ሁሉ አብልጬ የምወደው «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» የሚለውን ነው፤ የተናገረው ሰው ሳይን የሚባል ነገር ሳይሰማ ሳይንን ጠንቅቆ ዐውቆታል። 30 ዲግሪ አንድ ጊዜ ዞሮ 390፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ 750 ሆኖ እዚያው ቤቱ ይገባል፤ 150ም 510 እና 870 እያለ ይከተለዋል፤ ወደ ኋላ ለሚዞርም -210 እና -330 አሉ። ሳይንና ኮሳይን በየ360 ዲግሪው፣ ታንጀንት ደግሞ ከግማሽ መንገድ በየ180ው ይመለሳሉ፤ በዚህ ዓይነት ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ማዕዘን ስለማይሞት የተረቱ ሁለተኛ ሐረግ ለእኛ ብቻ የቀረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቂም ማንሣቴ ግድ ነው። ስማቸውን የማልጠራው የሒሳብ መምህሬ ለዚሁ ጥያቄ 150 ብዬ በመጻፌ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርገውብኛል። «ቲቸር፣ የ150ም ሳይን እኮ ግማሽ ነው» ብላቸው «የመልሱ ወረቀት 30 ይላል» አሉኝ። እኚሁ ሰው ናቸው «ኦል ስቱደንትስ ቴክ ካልኩለስ» እያስባሉ ጉሮሯችን እስኪነቃ ያስጮኹን፤ የየቃሉ መጀመሪያ ፊደል ማስታወሻ ሲሆን፣ የጩኸቱም ትርጉም ዙሩ በየ90 ዲግሪው ለአራት ሲከፈል በመጀመሪያው ሩብ ሁሉም፣ በሁለተኛው ሳይን፣ በሦስተኛው ታንጀንት፣ በአራተኛው ኮሳይን ከዜሮ በላይ ናቸው ማለት ነበር። ታዲያ ሁለተኛውን ሩብ ለሳይን ከሰጡ በኋላ 150ን ከዚያ ሰፈር ማን ፈቅዶላቸው አፈናቀሉት?

«አንድ መልስ ቢጎድል ማን ይሞታል?» የሚለኝ ሰው ደግሞ አለ። ባለ ሦስት ጎን መሬት አለህ እንበል፤ አንዱ ጥግ 30 ዲግሪ፣ ከዚያ ጥግ የሚነሣው አንዱ ጎን 100 ሜትር፣ ከጥጉ ፊት ለፊት ያለው ጎን 60 ሜትር ነው። በሳይን ሕግ፣ ማለትም እያንዳንዱ ጎን ፊት ለፊቱ ላለው ማዕዘን ሳይን ሲካፈል ውጤቱ እኩል ነው በሚለው፣ ከ100 ሜትሩ ጎን ፊት ለፊት ያለው ማዕዘን ሳይኑ 0.8333 ይመጣል። ካልኩሌተሩ 56.44 ዲግሪ ብሎ ዝም ይላል፤ 123.56ም ግን እኩል መብት አለው። በመጀመሪያው ሦስተኛው ጎን 120 ሜትር ገደማ ሆኖ መሬቱ ወደ 3,000 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ በሁለተኛው ጎኑ 53 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱም 1,336 ካሬ ሜትር ግድም ይሆናል። ወንድማማቾች በአንድ ክንድ ድንበር ዓመታት በሚካሰሱበት አገር ከ1,600 ካሬ ሜትር በላይ መሬት «ስልኩ ነው ያለው» በሚል ቃል ሲሰጥና ሲነሣ፣ መልሱ አንድ ነው ብለው የሚያስተምሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ቀርበው ቢያስረዱ ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ስልክ ነበር የጀመርኩት። ስልኩ ከዲግሪ ወደ ራዲያን፣ ማለትም ወደ ሌላው የማዕዘን መለኪያ፣ ተቀይሮ ቢቆይ ለዚያው ጥያቄ 0.5236 ይላል፤ ያንንም ደብተሩ ላይ የሚገለብጥ ሞልቷል። ሳይኑ 2 የሆነ ማዕዘን ቢጠየቅ ግን፣ ሳይን ከ1 ስለማይበልጥ፣ «ስህተት» ብሎ ቁርጡን ይናገራል። ሰዉም ያን ጊዜ «ስልኩ ተበላሸ» ብሎ አጥፍቶ ያበራዋል።