ታገሱ ባዩ ምን ይዞ መጣ?

የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ቡድን የጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ደጋፊ መሆን ለባህር ዳር ሰው ይመቻል። በበጋው ወራት እነሱ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሲጀምሩ እኛ ዘንድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡ በስልክ ማየት ነው። የሌላው የአሜሪካ ቡድን፣ የፊላደልፊያ ደጋፊ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል መነሳት አለበት። ያውም ሽንፈት ለማየት።

ሰሞኑን ካፌ ውስጥ የጣና ሞገዶቹ፣ የከተማችን እግር ኳስ ክለብ፣ ነጥብ ጥለው ስለነበር ከጎናችን ያሉት "አሰልጣኙ ይባረር" እያሉ ነበር። ወዳጄ ተናደደ። "ሰው ትዕግስት የለውም፤ ዋሪየርስን አያዩም?" አለ። ይህን ምሳሌ ብዙ ሰው ያነሳል። እኔ ግን ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለሀብቱ ጆ ሌከብና ሸሪኮቹ ዋሪየርስን እ.ኤ.አ. በ2010 በ450 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። ቡድኑ ሽንፈት የለመደ ነበር። በመጋቢት 2012 ሕዝቡ የሚወደውን ተጫዋች ሞንታ ኤሊስን ለሚልዋኪ ቡድን ሰጥተው አንድሪው ቦገትን አመጡ። ቦገት ደግሞ ጉዳት ላይ ነበር! ከቀናት በኋላ የቀድሞው ተጫዋች የክሪስ ሙሊን ማሊያ በክብር በሚሰቀልበት ምሽት ሌከብ ማይክ ሲይዝ አዳራሹ በጩኸትና በፉጨት ተናጋ። የድሮው ኮከብ ሪክ ባሪ ወጥቶ ተመልካቹን እስኪቆጣ ድረስ።

እኔም እዚያ ብሆን አፏጭ ነበር። ወጣቱ ተጫዋቻቸው ስቴፈን ከሪ ያን ዓመት በቁርጭምጭሚቱ ሕመም 26 ጨዋታ ብቻ ነው የተሰለፈው። ማን ያምናል?

ነገር ግን ሌከብ ባዶ እጁን አልነበረም። ከሪ ቤት ውስጥ አለ። ክሌይ ቶምፕሰን ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነው። ኤሊስ ሲሄድ ኳሱም ቦታውም ለሁለቱ ተለቀቀ። በዚያው ክረምት ድሬይመንድ ግሪን በድራፍት፣ ማለትም በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ 35ኛ ሆኖ መጣ። በቀጣዩ ዓመት 47 ጨዋታ አሸነፉ። በ2015 ከ40 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሱ። (በድራፍት ብዙ የተሸነፈ ቡድን የተሻለ ዕድል ስላለው፣ በ2012 የውድድር ዓመት መጨረሻ ላይ መሸነፋቸውም እንደጠቀማቸው አልክድም።)

ወደ ፊላደልፊያ እንምጣ። አዲሶቹ ባለቤቶች በ2011 ገዙ፤ በ2013 ሳም ሂንኪን ኃላፊ አደረጉ። እሱም ገና 23 ዓመቱ የነበረውን ኮከብ ጅሩ ሆሊዴይን ሰጥቶ ዓመቱን ሙሉ የማይጫወት ጉዳተኛ ልጅ ተቀበለ። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ መጨረሻ የወጣ ቡድን በድራፍቱ እጣ የተሻለ ዕድል አለው። በ3 የውድድር ዓመት 47 ጊዜ አሸንፈው 199 ጊዜ ተሸነፉ። ሂንኪ በ2016 ለቀቀ። እርግጥ በድራፍቱ ጆኤል ኤምቢድ የሚባል ተጫዋች አገኙ፤ በ2023 የሊጉ ኮከብ ተብሏል። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ግን የምስራቁን ምድብ ፍጻሜ እንኳ አላዩም።

ሁለቱም ባለቤቶች "ታገሱ" ብለዋል። አንዱ የሚያድግ ልጅ እያሳየ ነው፤ ሌላው የእጣ ቁጥር። ለእኔ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ወዳጄ ይህን ስነግረው "ታዲያ የኛዎቹ የቱ ናቸው?" አለኝ። የኛ ክለቦች በአብዛኛው በመንግሥት በጀት የሚኖሩ ናቸው፤ ጆ ሌከብ የሚባል ሰው መጥቶ አይገዛቸውም። ስለዚህ ማይክ ይዞ የሚፎጨበትም የለም፤ የሚባረረው አሰልጣኙ ነው። እኔ የሚባረር ሰው አልጠይቅም። አንድ የክለብ ኃላፊ ስታዲየም መሃል ቆሞ "3 ዓመት ስጡኝ፤ የማሳድገው ይህንን፣ ይህንን እና ይህንን ልጅ ነው" ቢለኝ ግን እሰጠዋለሁ። እስከዚያው ከጎናችን ያሉት ሰዎች ቢጮሁ አልፈርድባቸውም።