ማስተካከያ፦ የውጫሌ ውል የተፈረመው በ1881 ዓ.ም. ነው

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደሴ ላይ ሻይ እየጠጣን ስለ ወሎ ታሪክ ስንጨዋወት ያደልኩት ወረቀት ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር ያደረጉት የውጫሌ ውል «በ1889 ዓ.ም.» ተፈረመ ይላል። ስህተት ነው። ትክክለኛው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ በራሱ በውሉ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ አለ። 1889 የፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በወረቀቴ ከሄድን፣ ለጦርነቱ ምክንያት የሆነው የ17ኛው አንቀጽ ጠብ (የውሉ አማርኛና ጣሊያንኛ ጽሑፍ የተለያየበት) ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ይመስላል። አንድ አባት የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ታዲያ በምን ተጣሉ?» ያሉኝ ለዚህ ነው። አባቴ፣ በጣም አመሰግናለሁ።

ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ለተማሪ ልጆቻችሁ የላካችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም ላኩላቸው። የታረመውን ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ።