ፊቷ ከሞላ በኋላ ያለው ዓመት

ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ ልጇን ከሆስፒታል ባወጣች በሳምንቱ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ነበር። ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው፤ ሕመሟም አኖሬክሲያ ይባላል፤ ውፍረትን አጥብቆ ከመፍራት የተነሣ ሰው ራሱን ከምግብ እየከለከለ እስከ ሞት ሊደርስ የሚችልበት የአእምሮ ሕመም ነው። ከጠያቂዎቹ አንዷ፣ እንደ እናት የምናያቸው ሴት፣ ገና ከበር ሲገቡ «እሰይ! ፊትሽ ሞላ፣ ወፈር ብለሽ ሰው መሰልሽ» ብለው አገላብጠው ሳሟት። ልጅቷም ፈገግ አለች። ማዕዱ ሲቀርብ ግን እንጀራዋን በጣቷ ጫፍ እየቆራረሰች ትሪው ዳር ስትደረድር፣ «በሞቴ» ተብሎ የተዘረጋላትንም ጉርሻ ስትመልስ አየሁ።

እኚህ እናት ክፉ አልተናገሩም። በእኛ ዘንድ ወፈር ማለት ጤናና ጥጋብ ነው፤ የከሳ ሰው ሲያገግም «ሰው መሰለ» ማለትም ምርቃት ነው። ለዚህች ልጅ ግን ቃሉ ሌት ተቀን የምትሸሸው ፍርሃት በሰው አንደበት ሲነገር የመስማት ያህል ነው። እኛ «ዳነች» ብለን በተመለስንበት ቀን የእሷ ትግል ገና መጀመሩ ነበር።

ሆስፒታሉ ክብደቷን መለሰላት፤ ሐሳቧን ግን በጥቂት ሳምንት መመለስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ከሆስፒታል በወጡ 33 አዋቂ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ግማሽ ያህሉ ለአንድ ዓመት የአመጋገብ ምክር ብቻ ሲሰጣቸው፣ ሌሎቹ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለውን፣ ሐሳብንና ልማድን አብሮ የሚመረምር የሥነ ልቦና ሕክምና ተከታተሉ። ሕመሙ ያገረሸባቸው ከመጀመሪያዎቹ 53 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 22 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ምን እንደሚበላ ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃ ያስረዳል። ከሦስት ዓመት በኋላ የታተመ፣ በኒውዮርክና በቶሮንቶ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ፍሉኦክሴቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት ማገርሸቱን በመከላከል ረገድ ከባዶ ክኒን የተሻለ ጥቅም እንዳልሰጠ አሳይቷል።

የእህቴ ልጅ በየሳምንቱ ከባለሙያዋ ጋር የምትሠራው ነገር ሲያዩት ተራ ይመስላል። ከመታመሟ በፊት ምን ምን ምልክት እንደታየባት አንድ በአንድ ጽፈው ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጥፈውታል፦ ቁርስ መዝለል፣ «በልቻለሁ» እያሉ ከማዕድ መሸሽ፣ በቀን ደጋግሞ መመዘን። ከእያንዳንዱ ምልክት አጠገብ ለማን እንደምትነግርና ምን እንደምታደርግ ተጽፏል። ከምልክቶቹ አንዱን ሳነብ ግን ደነገጥሁ፤ «ጾም ማብዛት» ይላል።

ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆይ ሁላችንም በመንፈሳዊነቷ ተደስተን ነበር፤ ሕመሙ ከጀርባው መሸሸጉን ማንም አልጠረጠረም። እህቴ ጉዳዩን ለንስሐ አባቷ ስታስረዳ፣ የታመመ ሰው እንዲበላ ሥርዓቱ ራሱ እንደሚፈቅድ ነግረው ልጅቷን ከጾም አሳረፏት። ይህ ቃል ከሐኪም አፍ ቢወጣ ኖሮ የምትቀበለው አይመስለኝም።

አገር ቤት የአእምሮ ሕክምና ሲባል አማኑኤል ሆስፒታል ቀድሞ ትዝ ይለናል፤ ስሙንም ለስድብ ስንጠቀምበት ኖረናል። አንዲት ወጣት ስትከሳ ጸበልና የሆድ መድኃኒት ይታሰባል፤ ከሰው ጋር ተቀምጦ ስለ ፍርሃቷ መነጋገር ሕክምና መሆኑ ግን ለብዙ ወላጅ እንግዳ ነው። በሌላ በኩል ፈረንጆቹ በጥናት የደረሱበት አንድ ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን በሚገኘው ሞድስሌይ ሆስፒታል ከተኝቶ ሕክምና በወጡ 80 የአመጋገብ ሕመም ታካሚዎች ላይ በታተመው ጥናት፣ አኖሬክሲያ ከ19 ዓመታቸው በፊት ጀምሯቸው 3 ዓመት ያልሞላቸው ይበልጥ የተጠቀሙት ቤተሰብ አብሮ ከሚገባበት ሕክምና ነበር። አብሮ መብላት እኛ ቤት የነበረ ነው፤ የጎደለን በማዕዱ ላይ ስለ ገላ አለማውራት ነው።

ለፋሲካ እህቴ ለእያንዳንዱ እንግዳ አስቀድማ ደወለች። እኚያ እናት ሲገቡ ልጅቷን ረጅም ጊዜ አቅፈው ቆዩና «ትምህርት እንዴት ነው፣ ልጄ?» አሏት።