ማስተካከያ፦ የ1967ቱ አዋጅ መሬትን የግል ንብረት አላደረገም

ሰሞኑን በወሎ ልጆች ዘንድ በሰፊው የተጋራ ጽሑፍ «ደርግ በ1967 ለወሎ ገበሬ መሬቱን በግል ንብረትነት ሰጠው፤ ‹መሬት ለአራሹ› የሚለው መፈክርም የተወለደው ከ1965–66ቱ ረሃብ በኋላ ነው» ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣውና በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገ። ጭሰኛው ለባለመሬቱ ከሚያካፍለው ምርት ተላቀቀ፤ ያገኘው ግን የመጠቀም መብት ነው፤ ያውም ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ። መሸጥ፣ መለወጥ፣ በመያዣ መስጠትና ማከራየት ተከለከለ። ግራ ዘመሙ ትውልድ በካፒታሊዝም ላይ ካነሳቸው ክሶች አንዱ እዚሁ ላይ ያርፋል፦ መሬት ሸቀጥ ከሆነ በክፉ ቀን የተራበው ይሸጣል፣ ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ ጭሰኝነትም በሌላ በር ይመለሳል። የወሎን የድርቅ ዓመታት ለሚያውቅ ሰው ይህ ስጋት ቀላል አይደለም።

መፈክሩን ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ ይዘው የወጡት ረሃቡ ከመድረሱ በፊት፣ በየካቲት 1957 ነው። ኋላ ከተማሪው ንቅናቄ የወጡት የግራ ፓርቲዎች ኢሕአፓና መኢሶን አጥብቀው የተለያዩት በለውጡ መንገድ ላይ ነበር፤ ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ጠየቀ፣ መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ (እየተቹ መደገፍ) ሰጠ።

ስህተቱ ዛሬም ሰው ይጎዳል። ጽሑፉን አምኖ የአያቱን የእርሻ ይዞታ ለመሸጥ የሚዋዋል ሰው ውሉ በሕግ አይጸናለትም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረትም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያጋራችሁ እባካችሁ ይህንንም አድርሱ።