ኧረ እነዚህን ሄደሮች የሚያስታርቅልኝ ማነው?

ዛሬስ መተንፈስ አለብኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ካለችው ትንሿ ቢሯችን ነው የምጽፈው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል። ሦስት ቀን ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምክ ብትሉኝ፣ ኮዳችን ላይ 217 ዎርኒንግ ስለቅም፤ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ማለቴ ነው። ምስር እንደ መልቀም ነው። አንድ አዲስ ነገር አልጨመርኩም፤ አጎንብሼ ድንጋይ ስፈልግ ነው የዋልኩት።

የምንሠራው ነገር ቀላል ነው። ሮቶ ውስጥ ስንት ሊትር ውሃ እንደቀረ የሚያሳይ ትንሽ ቦርድ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይሄን ማወቅ የማይፈልግ ማን አለ? ኮዱ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው የተጻፈው። መጀመሪያ ላፕቶፕ ላይ፣ በሊኑክስ እንፈትነዋለን። ከዚያ ቦርዱ ላይ ላለው፣ ኤአርኤም ለሚባለው ቺፕ ኮምፓይል እናደርገዋለን። ሁለቱም ጋ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ የሚባለው ነው። ሄደሮቹ (ኮዱ የሚጠቀምባቸውን ስሞች ትርጉም የያዙት ፋይሎች) ግን የየራሳቸው ናቸው። ጉዱ እዚህ ጋ ይጀምራል።

ዩኢንት32 የሚባል ታይፕ (የቁጥር ዓይነት) አለ። የ1999ኙ የሲ ስታንዳርድ ያመጣው ነው። 32 ቢት፣ ኔጌቲቭ የሌለው (አንሳይንድ) ቁጥር። ስታንዳርዱ ስፋቱን ተናገረ እንጂ ከስሩ የትኛው ታይፕ ይሁን የሚለውን ለየቤቱ (ለየማሽኑ) ተወው። የላፕቶፔ ሄደር «አንሳይንድ ኢንት ነው» ይላል። ቦርዱ የሚጠቀምበት፣ ኒውሊብ የሚባለው የሲ ላይብረሪ ሄደር ደግሞ «አንሳይንድ ሎንግ ነው» ይላል። ቦርዱ ላይ እኮ ኢንትም ሎንግም 4 ባይት (32 ቢት) ናቸው! የሚቀመጠው ቁጥር ያው ነው። ቁጥሩን በጽሑፍ ለሚያወጣው ለፕሪንትኤፍ ስትሰጠው ግን ጩኸቱ አያድርስ።

ፕሪንትኤፍ የቁጥሩ ታይፕ በምልክት እንዲነገረው ይፈልጋል። እኔ ለአንሳይንድ ኢንት የሚሆነውን ፐርሰንት ዩ ብዬ እጽፋለሁ። ላፕቶፑ ዝም ይላል፣ ቦርዱ ይጮሃል። ባልደረባዬ ለአንሳይንድ ሎንግ የሚሆነውን ፐርሰንት ኤልዩ አድርጎ ያስተካክለዋል። አሁን ቦርዱ ዝም ይላል፣ ላፕቶፑ ይጮሃል። የኮሚት ታሪኩን (የኮዱን የለውጥ መዝገብ) ሳየው አንዷ መስመር በአራት ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ ተገለባብጣለች። ሁለታችንም ልክ ነበርን። የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው።

መፍትሔ የለውም አልልም። ኢንትታይፕስ የሚባለው ሄደር ውስጥ ፒአርአይዩ32 የሚባል ማክሮ (በሌላ ጽሑፍ የሚተካ ስም) አለ፤ እንደየቤቱ ትክክለኛውን ፊደል ራሱ ይመርጥልሃል። ግን እሱን ለማስገባት ጥቅሱን ትዘጋለህ፣ ማክሮውን ትሰነቅራለህ፣ ጥቅሱን እንደገና ትከፍታለህ። «ቀሪ ውሃ ይሄን ያህል ሊትር» የምትል አንድ መስመር ሦስት ቦታ ተቆራርጣ ትቀራለች። ዓይን ያማል። ያም ሆኖ ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው፣ እኔም የከረምኩት እሱን ስሰነቅር ነው።

የሴንሰሩ ድራይቨር (ሴንሰሩን የሚያናግረው ኮድ) ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሄደሩ ውስጥ ቡል (እውነት ወይም ሐሰት የሚይዝ ታይፕ) የሚለውን ቃል በራሱ መንገድ ተርጉሞታል። ድሮ ችግር አልነበረውም። በአዲሱ የሲ ስታንዳርድ፣ በሲ23 ግን ቡል የቋንቋው የራሱ ቃል ሆኗል፤ ጂሲሲ 15 ደግሞ ምንም ካልነገርከው በሲ23 ነው የሚሄደው። ስለዚህ ያ ሄደር ዎርኒንግ ብቻ አይደለም፣ ጭራሽ አያልፍም።

አሁን አንጀቴን ወደሚያቆስለው ነገር ልምጣ። በየቢሮው «ዎርኒንግ እኮ ነው፣ ኤረር አይደለም፣ እለፈው» ይባላል። ቢሯችንም ይሄው ነበር። ሲበዛብን ካስት እናደርግና (ቁጥሩን በግድ ወደ ሌላ ታይፕ ቀይረን) ዝም እናሰኘዋለን። ካስቱ ግን ኮምፓይለሩን ለዛሬ ብቻ ዝም አያሰኘውም። ነገ ያ ቁጥር 64 ቢት ቢሆን፣ ቦርዱ ላይ ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል፤ የሚነግርህም የለም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛችን ደወሉ። አራት ኪሎ የሚከራይ ቤት ያላቸው ጋሼ ናቸው። «ልጄ፣ ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው የማየው። የቱ ሮቶ የቱ እንደሆነ በምን ልወቅ?» አሉኝ። ሁለት ሮቶ አላቸው። የሮቶዎቹን ስም በአማርኛ አስገብተንላቸው ነበር፣ «የላይ ሮቶ» እና «የታች ሮቶ» ብለን። ስሄድ ሁለቱም ላይ 9 ጥያቄ ምልክት፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ 6 ጥያቄ ምልክት። ቁርጥ አንድ ናቸው። ከስንት ቀን በኋላ ውሃ በመጣ ለሊት ጋሼ የታችኛውን ሞልተው ሲያፈሱት አድረዋል። ላይ ያሉት ተከራዮች ባዶ ሮቶ ይዘው ነጋባቸው።

ለምን ሆነ? ፊደሎች በባይት በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 ስርዓት አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው። የዘወትር ፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይት 225 ነው። ላፕቶፑ ላይ ቻር (አንድ ባይት የሚይዘው ታይፕ) ኔጌቲቭ ስለሚይዝ ያው ባይት -31 ሆኖ ይነበባል። ቦርዱ ላይ ግን ቻር ኔጌቲቭ የለውም፤ 225 እንደሆነ ይቀራል። ሊሚትስ የሚባለውን ሄደር ብትከፍቱ የቻር ትንሹ ቁጥር ላፕቶፑ ላይ -128፣ ቦርዱ ላይ 0 ነው። ስታንዳርዱ ይሄንንም ለየቤቱ ትቶታል። የእኛ ኮድ ደግሞ አማርኛ መሆኑን የሚለየው «ባይቱ ከዜሮ ያንሳል?» ብሎ በመጠየቅ ነበር። ቦርዱ ላይ መልሱ ሁሌ አያንስም ነው። ስለዚህ እያንዳንዷን ባይት የማትታወቅ ፊደል አድርጎ በጥያቄ ምልክት ተካት። የሚገርመው፣ በላፕቶፕ ፈተናችን አንዴም አልወደቀም።

ኮምፓይለሩ ግን ነግሮን ነበር። «ይህ ንጽጽር ሁልጊዜ ሐሰት ነው» የምትል አንዲት ዎርኒንግ ከ217ቱ መሃል 140ኛዋ ላይ ተቀምጣለች። ከላይዋም ከታችዋም የኢንትና የሎንግ ጭቅጭቅ ነው። ስንት ጊዜ በስክሮል አልፌያታለሁ! እሷ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን አያት ነበር።

አሁን ሁለቱም ጋ ዜሮ ነው። ዎርኒንግ ሁሉ እንደ ኤረር ይቆጠር የሚለውንም አብርቼዋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በዎርኒንግ የሚያልፍ ቢልድ የለም። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስክሪን «የላይ ሮቶ፣ 640 ሊትር» ይላል። ነገ ጠዋት ይዤው አራት ኪሎ እወጣለሁ። ተከራዮቹንም አንድ በአንድ አንኳኩቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።